የዝንቧ የዘር ሐረግ

ሴቫኮፔ፣ ጋና
ጁን 9 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ.)

ለእህቴ ለኤሲናም፣

የፕሪቶሪያ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እዚህ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምር፣ አንቺ ውሸት ከሩቅ የሚሸትሽ ሰው ነሽ። ሰዉ ደህና ነው። ማንጎው ግን አልቆለታል።

ስልክ ላይ ለምን እንደምሸሽሽ ጠይቀሻል። ስልኩ የሚሠራው ትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ግማሹ መንደር ተኮልኩሎ ይውላል፤ አንቺ «ሃሎ» ሳትዪ መልሱን የሚነግሩሽ አሉ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን።

ፍሬው ከውጭ ሲያዩት ሙሽራ ይመስላል። ጎኑ ላይ በመርፌ የተወጋ የምትመስል ነጥብ ብቻ አለች። በቢላ ስትከፍቺው ግን ውስጡ በትል ይርመሰመሳል። ከአክራ የመጣው ገዢ የጫነውን በሙሉ መንገድ ላይ አራግፎ ሄደ። እኛም ጉድጓድ ቆፍረን በገዛ እጃችን ቀበርነው። ዓሣ ሻጯ ማማ ዴላሊ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አልነሳም ብላ አመሸች፤ ለልጅ እንደሚለቀስ ነው ያለቀሰችው።

ይህች ዝንብ ካሁን በፊት እዚህ አገር አልነበረችም። ሰው ሁሉ ከቶጎ ነው የመጣችው ይላል። ከማዶ በየዓርቡ ድንበር ተሻግራ አቮካዶና ቀድሞ የሚደርሰውን የእነሱን ማንጎ የምታመጣልን፣ ስትመለስ ደግሞ የእኛን ማንጎና ደረቅ ዓሣ ገዝታ የምትሄደው፣ አንቺ እንደ ታላቅ እህት «ዳ» የምትዪያት አኮፋ ናታ! በእሷ ቅርጫት ነው የገባችው እየተባለ ነው። እኔም የማንጎ አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበር እንደመሆኔ ማኅተም ያለበት ማስረጃ እንዳመጣ ታዝዣለሁ። ሥራሽ የተባይን መንገድ በዘሩ መከታተል አይደል? እንግዲህ ተከታተዪልን። የእኛንም የማዶንም ዝንብ በአልኮል ነክሬ ልኬያለሁ።

ስለ ዳ አኮፋ ጠይቀሽ ነበር። ደህና ናት። እናቷ ዘንድ ነች።

ወንድምሽ ኮምላ


ፕሪቶሪያ
ጁላይ 3 ቀን 2009

ለታላቄ ለኤፎ ኮምላ፣

ጠርሙሶቹ ሳይሰበሩ ደርሰውኛል። ይዛልኝ የመጣችው ባልደረባዬ «ሻንጣዬ መጠጥ ቤት መጠጥ ቤት ሸተተ፣ እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች» እያለች ስትስቅ ነበር። ብርዱን አትጠይቀኝ፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል፤ አንተ የሰጠኸኝን ሹራብ ከነፒጃማዬ እለብሰዋለሁ።

«ዝንብ ዝንብ ናት፤ ይህችኛዋ የማን ልጅ እንደሆነች በምን ታውቂያለሽ?» ማለትህ አይቀርም። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ትልቅ መንደር አስብ፤ ሰዉ በመቶ ዓይነት ስም ይጠራል። ከዚያ ጥቂት ቤተሰብ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ቢሰፍር፣ ይዞት የሚሄደው የዚያን ሁሉ ስም ጥቂቱን ብቻ ነው። ልጆቹም የልጅ ልጆቹም በነዚያው ጥቂት ስሞች ይጠራሉ። ከእነሱም ደግሞ ጥቂቶች ተነስተው ሌላ ቦታ ቢሄዱ ስሙ ይበልጥ ያንሳል። ዝንብም በደሟ ውስጥ እንዲህ ያለ ስም አላት። እኔ ከእያንዳንዷ አንድ እግር እየቆረጥኩ ስሟን እጠይቃታለሁ፤ ሥራዬ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። «እናቷ ዘንድ ነች» ብለሃል። ዳ አኮፋ በማንጎ ወራት እናቷ ዘንድ ተቀምጣ አታውቅም። ከመቼ ጀምሮ ነው? ከማዶ የመጡት ጠርሙሶች ላይ የተለጠፈው ጽሑፍስ በፈረንሳይኛ ነው፤ ማን ጻፈው? ያለ ባል ስትቀር ሽማግሌ እልካለሁ ያልከኝስ ነገር?

ሌላም አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝና መልሱን ብቻ ስጠኝ። ማኅበሩ ከደቡብ ያስመጣቸው የተዳቀሉ የማንጎ ችግኞች የመጡት ከነአፈራቸው ነበር?

እህትህ ኤሲናም


ሴቫኮፔ
ኦገስት 2 ቀን 2009

ኤሲናም፣

አንቺ ጥያቄ ስትጀምሪ ፖሊስ ነሽ። እሺ፣ እመልሳለሁ።

ጽሑፉ የራሷ ነው። ዝንብ ፍለጋ ድንበሩን ተሻግሬ የሄድኩት እናቷ ቤት ነው። በር ላይ ቆማ አየችኝና፣

«እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡር ሊቀመንበር» አለችኝ።

«አኮፋ፣ እርስዎን ምን አመጣው በመካከላችን?»

«ስብሰባ የሚመራ ሰው አንተ ይባላል እንዴ? ቅርጫቴን ደፍታችኋል፣ ዳሴን አፍርሳችኋል። አሁን ምን ቀርቷችሁ መጡ?»

«ዝንብ ፈልጌ ነው።»

እናቷ ከውስጥ ሆና ሰማችና፣ «ዝንብ ደሃ ቤት ጠፍቶ ያውቃል? ዝገን፣ ውሰድ!» ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። አኮፋ ግን አልሳቀችም። «ከወሰዳችሁ በትክክል ውሰዱ» አለችና ወጥመዱን ተቀብላ የእናቷ ማንጎ ዛፎች ላይ ራሷ ሰቀለችው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሰብስባ፣ ጽፋ ላከችልኝ። የድንበሩ ፖሊስ ጠርሙሱን እያገላበጠ «ቀረጥ የሚከፈልበት ዝንብ ነው?» ሲለኝ ነበር።

እንግዲህ ሳልነግርሽ የቀረሁት ወጣ። በሜይ መጨረሻ ዓርብ ቀን ሴቶቹ ቅርጫቷን ገለበጡት። ቀድማ የያዘችው ማማ ዴላሊ ናት። ሰዉ ወደ ቤተ ጣዖት ወስደን እናስምላት ብሎ ነበር፤ ያንን እኔ አስቀርቻለሁ። ማኅበሩም ገበያችን እንዳትደርስ ወሰነ፤ እኔ ገበያው መሃል ያለው ኒም ዛፍ ሥር ቆሜ አነበብኩ። እንዳትቆጪኝ። የሊቀመንበር አፍ የራሱ አይደለም። ሰው ልጆቹን ያስተምርበት የነበረውን ፍሬ ቀብሮ ሲመጣ፣ «ቆይ እስኪ እንመርምር» ብትዪው የሚሰማሽ ይመስልሻል?

ስለ ሽማግሌው ጠይቀሻል። አሁን የሚላክ ሽማግሌ የለም።

ችግኞቹ አዎ፣ ከነአፈራቸው ናቸው፤ በጥቁር ላስቲክ። መኪናው ደን እስኪመስል ሞልተን ነው ያስመጣናቸው። እኔው ራሴ ከላይ ችግኙ መሃል ተቀምጬ ነው የገባሁት፤ መንደሩ በከበሮ ነው የወጣው። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ይህን ለምን ጠየቅሽኝ?

ኮምላ


ፕሪቶሪያ
ኦገስት 30 ቀን 2009

ኤፎ፣

አጭር ደብዳቤ ነው፤ ይቅር በለኝ። ዘራቸውን የማነብበት ማሽን ተበላሽቶብኛል። እስኪጠገን ሌላ ጠርሙስ እፈልጋለሁ፤ ከእኛ መንደር ሌሎች የማንጎ ማሳዎች፣ ከዳ አኮፋ እናት ጎረቤቶች፣ ችግኞቹ ከመጡበት ከደቡቡ የችግኝ ጣቢያና ከባሕር ወደቡ አካባቢም። የደቡቡን አክራ ያሉ ጓደኞቼ ይሰበስቡልኛል፤ የሁለቱን መንደር አንተ አምጣልኝ። ዳ አኮፋን በእኔ ስም ለምናት፤ እምቢ ካለችም እውነት አላት።

እባክህ ማኅበሩ ከዚህ በላይ እንዳይወስን አቆይልኝ።

ስለ ቅርጫቱ ያልከውን አንብቤያለሁ። አልቆጣህም። ግን አልመልስልህም፤ ዛሬ አይደለም።

ኤሲናም


ሴቫኮፔ
ሴፕቴምበር 20 ቀን 2009

ለኤሲናም፣

ጠርሙሶቹ ይኸው። አኮፋ እምቢ አላለችም። «እህትህ ከጠየቀች እሺ» ብቻ አለችኝ፤ ከእኔ ጋር ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ማኅበሩን አቆይ ብለሽኝ ነበር። አልቆየልኝም። ስብሰባው ላይ «እህትህ ወረቀቱን በዝሆን ጭና ነው የምትልከው?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያም ከማዶ የሚመጣ ማንኛውም ሰው ማንኛውንም ፍሬ ይዞ እንዳይገባ ወሰኑ፤ አኮፋን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም። ድንበሩ የተሰመረው በእኛ ላይ እንጂ በእኛ ፈቃድ አይደለም፤ አያታችን ማሳው እዚህ፣ ሚስቱ እዚያ ነበረች። አሁን እኛው በራሳችን እጅ ሁለተኛ ድንበር ጨመርንበት። ፈርሜያለሁ።

አሁን አንቺ ላይ ልምጣ። አንቺ አፉ ውስጥ እንቁላል እንደያዘ ሰው ነው የምትጽፊው። ማሽን ተበላሸ ብለሽ ሦስት መስመር ጽፈሽ አታውቂም፤ ማሽን ቢበላሽ ሦስት ገጽ ትራገሚ ነበር። በልጅነትሽ ያጠብኩሽ እኔ ነኝ፤ ስትደብቂ ጀርባሽ ይታወቃል። ያገኘሽው መጥፎ ከሆነ ንገሪኝ። አኮፋ አምጥታው ከሆነም ንገሪኝ፤ ልቤን አዘጋጅቻለሁ።

ኮምላ


ፕሪቶሪያ
ኦክቶበር 11 ቀን 2009

ለኤፎ ኮምላ፣

ማሽኑ አልተበላሸም ነበር። የመጀመሪያው ውጤት ከኦገስት ጀምሮ እጄ ላይ ነበር። ተሳስቼ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ፤ ሌላ ጠርሙስ የጠየቅኩህ ለዚህ ነው። ሁለተኛውም ያንኑ ተናገረ።

ስለ ስሞቹ የነገርኩህን አስብ። በወደቡ አካባቢ ያሉት ዝንቦች በስም የበለጸጉ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ መጤዎች ምናልባት እዚያ ነው የወረዱት። የችግኝ ጣቢያው ዝንቦች የእነሱን ስም አብዛኛውን ይዘዋል። የእኛ መንደር ዝንቦች ግን ጥቂት ስም ብቻ ነው ያላቸው፤ ያም በሙሉ የችግኝ ጣቢያው ስም ነው። የዳ አኮፋ እናት መንደር ዝንቦች ደግሞ ከሁሉም ያነሱ ናቸው፤ ያለቻቸውም ጥቂት ስም በሙሉ የእኛ ናት፤ የራሳቸው የሆነ አንድም የለም። ኤፎ፣ እነሱ የእኛ እናት ሊሆኑ አይችሉም። ልጃችን ናቸው። ዝንቧ ድንበሩን የተሻገረችው ከእኛ ወደ እነሱ ነው።

ስለ አፈሩ ለምን እንደጠየቅኩህ አሁን ይገባሃል። ትሏ ስትጠግብ ከፍሬው ወርዳ መሬት ትገባለች፤ እዚያ የስንዴ ፍሬ መስላ ትተኛለች፤ ቀኗ ሲደርስ ዝንብ ሆና ትወጣለች። ችግኞቻችሁ ፍሬ አልነበራቸውም። አፈራቸው ግን ከማንጎ ዛፎች ሥር የተዛቀ ነው።

የማላውቀውን ደግሞ ልንገርህ። ከእኛ ወደ ማዶ በክንፏ በርራ ይሁን፣ ከእኛ በተገዛ ማንጎ ውስጥ ሆና አላውቅም። ዝንብ ማን እንደተሸከማት አትናገርም። በዚያው መኪና ነው የመጣችው ብዬም በመጽሐፍ ቅዱስ አልምልም፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያስኬደው መንገድ ግን እሱ ነው። ከዳ አኮፋ ቅርጫት ወጥታ ወደ እኛ አልመጣችም የሚለውን ግን የትም ብጠራ እናገራለሁ።

ማንም አላወቀም ነበር። ችግኝ ጣቢያው አላወቀም፤ አንተም አላወቅክም። እንዲህ ያለች ዝንብ መኖሯን ያኔ አገሩ ሁሉ አልሰማም። ይህን የምልህ ላጽናናህ አይደለም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው። ሆኖም መንደሩ ለመኪናው የመታውን ከበሮ ሳስብ፣ ከላይ ተቀምጠህ ስትስቅ ሳስብ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ዝንቧን ያመጣችው ዳ አኮፋ ብትሆን ኖሮ በሳምንቱ እጽፍልህ ነበር፤ ይህን ሳስብ ደግሞ ራሴን ታዘብኩት።

ማኅተም ያለበት ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ። ሪፖርቱ በጃንዋሪ ለግብርና ቢሮ ይገባል፤ የመንደሮቹ ስም አልተጻፈም፣ ቁጥር ብቻ ነው። የቁጥሩን ስም የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

እህትህ ኤሲናም


ሴቫኮፔ
ኖቬምበር 29 ቀን 2009

እህቴ፣

ዝም ስላልኩሽ ታምሜ መስሎሽ ስልክ ደውለሻል፤ ጉብታው ላይ ያሉት ነገሩኝ። አልታመምኩም። ተናድጄ ነበር። መጀመሪያ አንቺ ላይ ተናደድኩ። ከዚያ ችግኝ ጣቢያው ላይ። ከዚያ መኪናውን የሚነዳው ሰውዬ ላይ ሳይቀር። በመጨረሻ የምናደድበት ሰው አጣሁ፤ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ለካ ሰው ሲጎዳ የሚፈልገው ምክንያት አይደለም፤ ሰው ነው። እኛም አኮፋን አገኘን።

ለማኅበሩ ከመንገሬ በፊት ወደ እሷ ሄድኩ። ወረቀቱን እያነበብኩ አስረዳኋት፤ ስለ ስሞቹ፣ ስለ አፈሩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ታዲያ ይህን ለእኔ ለምን ይነግሩኛል?» አለች። «እኔ እንዳላመጣሁት ለማወቅ የእህትዎ ማሽን አላስፈለገኝም።»

«ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

«ቅርጫቴ የተደፋው እዚህ እናቴ ጓሮ ነው?»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

«ዓርብ ቀን ነው የተደፋው። ገበያ መሃል። እዚያ ይበሉት።»

በሚቀጥለው ዓርብ፣ ገበያው ሲሞቅ፣ ኒሙ ሥር ቆምኩ። ያነበብኩትን ውሳኔ መጀመሪያ ሻርኩት፤ ቀጥሎ ያንቺን ወረቀት አነበብኩ፤ ቀጥሎ በእኛ አፍ አስረዳሁ። አንዱ «እህትህን ቶጎዎች ገዝተዋታል!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ሳቀ። ከዚያ ማማ ዴላሊ ሕዝቡን ገፍታ ፊቴ መጣች።

«እና የእኔን ማንጎ የበላችው ያንተ ዝንብ ናት?»

«የሁላችንም ናት፣ ማማ። ችግኙን ያስመጣው ማኅበሩ ነው።»

«የሁላችንም አትበለኝ! ሲጨበጨብልህ የሁላችንም ነው አላልክም።»

ልክ ናት። «የእኔ ናት» አልኩ። ማማ ዴላሊ ዞር ብላ መሬት መሬት እያየች ወደ ዓሣዋ ተመለሰች። ያኔ ነው አኮፋን ከሰዉ ጀርባ ቆማ ያየኋት፤ ከእናቷ ጋር መጥታ ነበር። ሰምታለች። የእናቷን ክንድ ይዛ ሄደች።

ሊቀመንበርነቴን ወስደዋል። ይውሰዱት። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ዛፎቹን ልንቀላቸው?

ኮምላ


ፕሪቶሪያ
ዲሴምበር 18 ቀን 2009

ኤፎዬ፣

አትንቀል! ዛፉ ምን አደረገ? ዝንቧ አሁን ጉዋቫውም ላይ፣ የዱር ፍሬውም ላይ አለች፤ ያንተን ዛፎች ብትነቅል ልቧ አይሰበርም።

የሚደረገው እንዲህ ነው። የወደቀ ፍሬ አንድም መሬት ላይ አይደር፤ በጥቁር ላስቲክ ቋጥራችሁ ፀሐይ ላይ ጣሉት፣ ትሏ ውስጡ ትቀቀላለች። ወጥመድ ስቀሉ። ይህን ግን ሁለቱም መንደር በአንድ ሳምንት መጀመር አለባቸው። እናንተ ብታጸዱና ማዶ ባይጸዳ ልጆቿ ተመልሰው እናታቸው ቤት ይገባሉ። እነሱ አጽድተው እናንተ ብትተኙም ያው ነው። ሰዉ ወደደም ጠላም ማዶን መለመን አለበት።

«የእኔ ናት» ያልክበትን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። እዚህ ለማን እንደምነግረው ቸገረኝ፤ ለባልደረባዬ ነገርኳት። አልሳቀችም።

ኤሲናም


ሴቫኮፔ
ሜይ 23 ቀን 2010

ለእህቴ ለኤሲናም፣

በመጨረሻው ደብዳቤሽ «ማን ለመናቸው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አይደለሁም። አዲሱ ሊቀመንበርም አይደለም፤ እሱ ክብሬ ይነካል እያለ ስብሰባ በስብሰባ ሲጠራ ዝናቡ ደረሰበት። የሄደችው ማማ ዴላሊ ናት። ለማንም ሳትነግር አንድ ጠዋት አዲስ ቅርጫት ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ ባዶውን፣ ድንበሩን ተሻገረች። እዚያ ምን እንደተባባሉ ማንም አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩም፤ አንቺም ብትሆኚ የምትጠይቂ አይመስለኝም። ማታ ስትመለስ ቅርጫቱ አብሯት አልነበረም።

በሳምንቱ ሁለቱም መንደር በአንድ ቀን ወጥመድ ሰቀለ። የማዶውን ሥራ የያዘችው አኮፋ ናት፤ የእናቷ ጎረቤቶች ሲያዩዋት ገና ከሩቅ የወደቀ ፍሬ ማንሳት ይጀምራሉ። ጥቁር ላስቲኩ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ስታዪው ቀብር ይመስላል፤ ሽታውም እንደዚያው ነው። ዝንቧ አልጠፋችም፤ አትጠፋምም ብለሽኛል። ዘንድሮ ግን ከምንከፍተው ማንጎ የሚበዛው ንጹሕ ነው። ገዢውም መጥቷል፤ እያንዳንዱን ፍሬ እንደ ሐኪም እያገላበጠ ነው የሚጭነው።

አኮፋ ወደ ገበያችን አልተመለሰችም። ውሳኔው ተሽሯል፣ ዳሷን ራሳችን እንሠራለን ብለን መልእክት ላክንላት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ዳሷን በራሷ በኩል ከድንበሩ አግዳሚ እንጨት ማዶ ሠራችው። አሁን ሴቶቻችን በየዓርቡ ወደ እሷ ይሄዳሉ። ለሁሉም ቀድማ ሰላም ትላለች፤ ለማማ ዴላሊም። አንዳንዶቹ አሁንም አቀርቅረው ነው የሚገዟት። እኔም ራሴ ዓይኗን ለማየት ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ አንቺ ታውቂያለሽ።

ሌላውን ጉዳይ ጠይቀሻል፤ አንቺ መቼም አትተዪም። ዓርብ ዓርብ ወጥመዶቹን ለማየት እሻገራለሁ። የአገርሽን ወግ አልረሳሽም፤ እንግዳ ሲመጣ ውኃ ይሰጠዋል፣ ጠጥቶ ሲጨርስም «ምን ጉዳይ አመጣህ?» ይባላል። የቤት ሰው ግን አይጠየቅም። እሷም በየዓርቡ ውኃውን ትሰጠኛለች፤ ቀጥላ፣ ሳታጓድል፣ «ምን ጉዳይ አመጣዎት?» ትለኛለች። እኔም በየዓርቡ «ወጥመድ ላይ ነው» እላለሁ። ወጥመዱን አይቼ እመለሳለሁ።

ባለፈው ዓርብ ውኃውን በቅል ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ቅሉን መለስኩላትና ጥያቄዋን ጠበቅኩ። መልሴ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እሷ ግን ቅሉን ተቀብላ አቮካዶዋን መደርደሯን ቀጠለች። ጠበቅኩ። አንድ ገዢ መጣ፣ ሸጠችለት፣ ሄደ። ከዳሱ ጥግ ላይ በርጩማ አለች፤ እሷ ላይ ተቀመጥኩ።

አልጠየቀችኝም።

ወንድምሽ ኮምላ